እጅ የማይደርስበት ቧንቧ

ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ፓምፑ በራሱ ከተነሳ፣ ውሃው የሆነ ቦታ መውጫ አግኝቷል ማለት ነው። አርቪ ያለው ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ሌሊት፣ ሁሉም ተኝቶ፣ ከአልጋው ሥር ድርር ይላል። ሁለት ሰከንድ። ከዚያ ዝም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ድርር። መጀመሪያ ላይ ሰው ራሱን ይሸነግላል። አየር ይዞት ይሆናል ይላል። በስልኩ መብራት ሲንኩ ሥር ያያል፤ ደረቅ ነው፤ ተመልሶ ይተኛል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

አርቪ የምለው አልጋውን፣ ምድጃውንና ሻወሩን ተሸክሞ የሚዞረውን መኪና ነው። የእኔው አሮጌ ነው። ከእኔ በፊት ብዙ እጅ ላይ ወጥቶ ወርዷል። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ጣሪያውም አያፈስም። የውሃ መስመሩ ግን ስገዛው ጀምሮ አላማረኝም። አንዱ ጋ ግራጫ ቱቦ፣ አንዱ ጋ ነጭ፣ አንዱ ጋ ደግሞ የአትክልት ማጠጫ ጎማ በሽቦ ታስሮ። እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን ችግር በራሱ መንገድ ለጥፎ ሄዷል።

የፓምፑን አሠራር ያወቀ ግማሹን ምርመራ ጨርሷል። ባለ 12 ቮልት ትንሽ ፓምፕ ነው። ጫፉ ላይ ግፊት የሚያውቅ ማብሪያ አለው። ቧንቧ ሲከፈት የመስመሩ ግፊት ይወርዳል፤ ማብሪያው ያገናኛል፤ ፓምፑ ይነሳል። ቧንቧው ሲዘጋ ግፊቱ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ሲደርስ ማብሪያው ይቆርጣል። ስለዚህ ሁሉም ተዘግቶ ፓምፑ ከተነሳ ግፊቱን የሚሰርቅ አለ። ሌባው ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዱ የሚያፈስ መስመር ነው። ሌላው ፓምፑ ራሱ ነው። ውስጡ ያለው ቼክ ቫልቭ፣ ማለትም ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው፣ ቆሻሻ ከያዘ ውሃው ቀስ እያለ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። ያኔ መሬት ላይ አንዲት ጠብታ አትታይም፣ ፓምፑ ግን ይነሳል። ለመለየት ከፓምፑ መውጫ ቀጥሎ ያለውን መዝጊያ መዝጋት ነው። ተዘግቶም ከተነሳ ጥፋቱ የፓምፑ ነው። ዝም ካለ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው።

የእኔው ዝም አለ።

ከሻወሩ ጀርባ ያለውን ሳንቃ ሳነሳ ነገሩ ፍንትው አለ። ቱቦው ከሻወሩ ቧንቧ ጋር የሚገናኝበት የፕላስቲክ መጋጠሚያ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ብርሃን በጎን ካልበራበት አይታይም። ውሃው አይረጭም፤ በደንብ አይንጠባጠብም እንኳ። ያልበዋል ብቻ። ላቡ ይጠራቀምና ቱቦውን ይዞ ይወርዳል፤ ወለሉ ላይ ሲደርስ ኮምፔልሳቶው ይጠጣዋል። ወለሉን በካቻቢቴ ጫፍ ነካ አደረግሁት። ሳልገፋው ገባ። እንጨቱ ጠቁሯል፣ ንብርብሩ ተላቋል፣ የሻጋታ ሽታው አፍንጫ ይሰብራል።

እዚህ ላይ ሁለት ምርጫ አለ። መጋጠሚያውን ቀይሮ ሳንቃውን መመለስ፣ ወይም ሁሉንም አውጥቶ እንደ አዲስ መሥራት። የመጀመሪያው ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ሳይመሽ ያልቃል። እኔ ግን ግራጫውን ቱቦ ሳየው ምርጫ የቀረኝ አልመሰለኝም።

ግራጫው ቱቦ ፖሊቢውቲሊን ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ አሜሪካ ውስጥ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቤቶች ተዘርግቷል። የአርቪ ሠሪዎችም ወደውት ነበር። ርካሽ ነው፣ ይታጠፋል፣ ብየዳ አይፈልግም። ጉዱ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ለውሃ ማከሚያ የሚጨመረው ክሎሪን ቱቦውን፣ ከቱቦውም ይልቅ የፕላስቲክ መጋጠሚያዎቹን ከውስጥ እያደረቀ ይሰነጥቃቸዋል። ከውጭ ሲያዩት ግን ደህና ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1995 አምራቾቹ አንድ ቢሊዮን ዶላር ለሚጠጋ ካሳ ተስማምተዋል። አሮጌ አርቪ ካላችሁና ቱቦው ላይ «ፒቢ 2110» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ እሱ ነው። እንዲህ ባለ መስመር ላይ አንድ መጋጠሚያ ቀይሮ መተኛት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ነገ ደግሞ ጎረቤቱ ይሰነጠቃል።

ደግሞ ያናደደኝ ቱቦው አልነበረም። ቱቦ ያረጃል፣ ምን ይደረጋል። ያናደደኝ መጋጠሚያው የተቀመጠበት ቦታ ነው። አርቪ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ መጀመሪያ ወለሉ ይዘረጋል፣ ታንከሮቹና ቱቦዎቹ ይገባሉ፣ ከዚያ ቁምሳጥኑና አልጋው ይቆማል፣ ግድግዳው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቱቦ የሚያገናኘው ሠራተኛ ዙሪያው ሜዳ ነው። እጁን የሚከለክለው ነገር የለም። ከብዙ ዓመት በኋላ የሚጠግነው ሰው ግን ያንን ሜዳ በጭራሽ አያየውም። በአንድ እጅ፣ በሆዱ ተኝቶ፣ አንገቱን አጣሞ፣ በዳበሳ ነው የሚሠራው። ለመገጣጠም የተመቸ ነገር ለመፍታት ይመቻል ማለት አይደለም። ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት አንድ ሕግ አወጣሁ፤ እጅ የማይደርስበት ቦታ ላይ መጋጠሚያ አይኖርም። ቱቦው ግድግዳ ውስጥ ማለፍ ካለበት ሳይቆረጥ ይለፍ። የሚፈታ ነገር ሁሉ በር ከፍቶ የሚነካ ይሁን።

ሕጉ ቀላል ይመስላል። ሥራውን ግን ከላይ እስከ ታች ለወጠው።

መጀመሪያ መስመሩን ወረቀት ላይ አወጣሁት። አርቪ ውስጥ ውሃ የሚገባበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ መኪናው ከተሸከመው የንጹህ ውሃ ታንከር በፓምፕ የሚመጣው ነው። ሌላው ከውጭ ቧንቧ በጎማ ተገናኝቶ በቀጥታ የሚገባው ነው፤ ያኔ ፓምፑ አያስፈልግም። ሁለቱ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ከዚያ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀጥላል፣ አንዱ ቦይለር ውስጥ ገብቶ ሙቅ ሆኖ ይወጣል። መውጫውም ሁለት ነው። የሲንክና የሻወር ፍሳሽ ግራጫ ውሃ ወደሚባለው ታንከር ይሄዳል፣ የሽንት ቤቱ ወደ ጥቁር ውሃ ታንከር። በቃ ይኸው ነው። ወረቀት ላይ ሲያዩት የልጅ ሥራ ነው። ሳንቃውን ስታነሱ ግን ያ ሥዕል የት እንደገባ አይታወቅም።

በውጭ ቧንቧ በኩል ሁለት ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም እንዲቀሩ አይፈለግም። አንዱ ግፊት መቀነሻ ነው። የመንገድ ቧንቧ ግፊት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለፎቅ ታስቦ የሚገፋ ውሃ የአርቪን መስመር ሊያፈነዳ ይችላል። መቀነሻው ወደ 3 ባር ወይም ትንሽ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። እሱን መኪናው ላይ ሳይሆን ውጭ፣ ጎማው ከመጀመሩ በፊት መግጠም ይሻላል፤ ጎማውም እንዲተርፍ። ሌላው መግቢያው ላይ ያለው ቼክ ቫልቭ ነው። እሱ ከሌለ ፓምፑ ሲሠራ ውሃው በመግቢያው በኩል ወደ ውጭ ይፈሳል።

ማፍረሱ ከመሥራት ይልቅ ያደክማል ቢሉኝ አላምንም ነበር። የድሮው መጋጠሚያ አንዳንዱ በመፍቻ ነካ ሲደረግ እፍኝ ውስጥ ይፈረካከሳል። አንዱን ይዤ በብርሃን አየሁት። የውስጥ ግድግዳው የተጠበሰ ይመስላል፤ ነጣ ብሎ፣ ተላልጦ፣ በጥፍር ሲነካ ዱቄት ይሆናል። ውጩ እንደ ተገዛ ነው። በዚህ መስመር ውስጥ ያለፈ ውሃ ነበር የምንጠጣው። እሱን አስቤ ትንሽ ዘገነነኝ።

አዲሱ ቱቦ ፔክስ ነው። ፔክስ ፖሊኢቲሊን ሲሆን ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ እንዲያያዙ ተደርጎ የተሠራ ነው። በመያያዛቸው ሙቀትና ግፊት ይችላል። መሠረቱን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የጣለው ጀርመናዊው ቶማስ ኤንግል ነው። ለአርቪ የሚመቸው በሁለት ነገር ነው። ይታጠፋል፤ ስለዚህ በየማዕዘኑ ኤልቦ፣ ማለትም ጥግ የሚያዞር መጋጠሚያ፣ አይፈልግም። ኤልቦ በቀነሰ ቁጥር የሚያፈስ ቦታ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ መኪናው ሲንቀጠቀጥ አብሮ ይወዛወዛል እንጂ አይሰበርም። መዳብ ለቆመ ቤት ጥሩ ነው፤ ኮምፔልሳቶና ስፖንጅ በሞላበት ጠባብ መኪና ውስጥ የብየዳ እሳት ማንደድ ግን አይዋጥልኝም። ቀዩ ለሙቅ፣ ሰማያዊው ለቀዝቃዛ ይባላል። ቀለሙ ለሰው ዓይን ነው፤ ቱቦው ያው ነው።

መጋጠሙ አንጀት ያርሳል። ቱቦው በመቁረጫ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፤ ዘንበል ካለ ቀለበቱ እኩል አይዝም። የመዳብ ቀለበቱ ቱቦው ላይ ይገባል። ቱቦው የነሐስ መጋጠሚያው ጥርስ ላይ ጫፉ እስኪነካ ይገፋል። ቀለበቱ ከቱቦው ጫፍ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ ቀለበቱ በመጨበጫው መሣሪያ፣ እጀታው እስኪገጥም ይጨመቃል። ቀለበቱ በልኩ መጨመቁን የምትፈትሸው መለኪያ የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። ሁለት አፍ አላት። አንዱ አፍ ቀለበቱ ላይ መግባት አለበት፣ ሌላው መግባት የለበትም። ሁለቱም ከገቡ ከመጠን በላይ ተጨምቋል፤ ሁለቱም እምቢ ካሉ ላልቷል። ብዙ ሰው ይህችን መለኪያ ይዘላታል። በዓይን ያየ ደህና ነው ይላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውን በውሃ ሥራ ላይ ቃል በቃል የምታዩት ይህኔ ነው።

ገፋ አድርጎ ብቻ የሚገጠም ዓይነትም አለ። ያለ መሣሪያ ይገባል፣ ያለ መሣሪያ ይወጣል። ለሁሉም ቦታ ብጠቀመው ምን ነበር ያልኩበት ጊዜ ነበር። ግን ወፍራም ነው፣ ቦታ ይበላል፣ ዋጋውም አይቀመስም። እሱን ያስገባሁት ወደፊት ሊወጣ የሚችል ዕቃ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ፓምፑ ጋ፣ ቦይለሩ ጋ።

እንደ ብሎን እየዞረ በሚጠብቅ መጋጠሚያ ጥርስ ላይ የሚጠመጠመው ስስ ጥብጣብ፣ ቴፍሎን፣ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ጥቅሉ ብሎኑ በሚጠብቅበት አቅጣጫ መዞር አለበት፤ አለዚያ ሲጠብቅ ይገለበጥና ይወጣል። ውስጣቸው የጎማ ቀለበት ያለባቸው መጋጠሚያዎች ደግሞ ቴፍሎን አይፈልጉም። እነሱን የሚዘጋቸው ጎማው ነው። ቴፍሎን ሲጨመርባቸው ጎማው በደንብ አይቀመጥም፤ ሰውየው ያፈሳል ብሎ የበለጠ ያጠብቃል፤ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ስንቱን አርቪ ያበላሸው ይኸው ጉልበት ነው። በእጅ አጥብቆ፣ በመፍቻ ሩብ ዙር ቢጨመር ይበቃል።

ፔክስ አንድ ጠባይ አለው፤ ሲሞቅ ይረዝማል። 3 ሜትር የሆነ ቱቦ ከ10 ዲግሪ ውሃ ወደ 60 ዲግሪ ውሃ ሲሸጋገር ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ይጨምራል። ወጥረው ካሰሩት መጋጠሚያውን ይገፋል። ስለዚህ ሙቁን መስመር በየቦታው ትንሽ ቅስት ሰጥቼ ነው የለቀቅሁት። ማሰሪያውም ይይዘዋል እንጂ አያንቀውም። ላሜራ ሰንጥቆ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ዙሪያውን ጎማ ለብሷል። መኪና ሲሄድ ቱቦው ስለሚንቀሳቀስ የላሜራ ጠርዝ ቀስ በቀስ እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። ፀሐይም አይወድም፤ ውጭ ላይ ተጋልጦ መቆየት የለበትም።

ሕጌን የጠበቀልኝ ማከፋፈያው ነው። ድሮ አንድ ዋና መስመር ነበር፤ እየሄደ በየመንገዱ በቲ፣ ማለትም ቅርንጫፍ በሚያወጣ መጋጠሚያ፣ እየተቀነጠሰ ለሲንኩ፣ ለሻወሩ፣ ለሽንት ቤቱ ይሰጣል። እያንዳንዱ ቲ ግድግዳ ውስጥ ነው። አሁን ቲዎቹን በሙሉ አስቀርቼ አልጋው ሥር፣ ክዳን ከፍቶ የሚታይ ቦታ ላይ፣ ማከፋፈያ አደረግሁ። ከእሱ ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቱቦ ሳይቆረጥ ይሄዳል። እያንዳንዱ የራሱ መዝጊያ አለው። ብዙ ቱቦ ይበላል፤ እውነት ነው። ግን የሻወሩ ቧንቧ መንገድ ላይ ቢበላሽ የሻወሩን ብቻ ዘግቼ በሲንኩ መጠቀም እችላለሁ። ከማከፋፈያው እስከ ቧንቧው ድረስ መሀል ላይ ምንም መጋጠሚያ የለም።

ባለቤቴ የቱቦውን ብዛት አይታ «ይሄ ሁሉ ለአንድ ሲንክ ነው?» አለች። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው።

ፓምፑን አልቀየርኩትም። ጤነኛ ነበር። ቦታውን ግን ቀየርኩ። ድሮ ስስ ሳንቃ ላይ ነበር የታሰረው። ሳንቃው ደግሞ ድምፁን እያጎላ መላውን መኪና ያንቀጠቅጠዋል። ወፍራም እንጨት ላይ፣ የጎማ እግሩ ሳይደፈጠጥ አሰርኩት። በመግቢያውና በመውጫውም ከፔክሱ በፊት ተጣጣፊ ጎማ ጨመርኩ፤ ንዝረቱ ወደ ቱቦው እንዳይሻገር። ከመግቢያው በፊት ወንፊት አለች፤ የታንከር ፕላስቲክ ፍርፋሪ ወደ ፓምፑ እንዳይገባ የምትይዝ። ስከፍታት አፏ ድረስ ሞልታ ነበር። ኤሌክትሪኩም መታየት አለበት። እንዲህ ያለ ፓምፕ 7 አምፔር አካባቢ ይስባል። ሽቦው ቀጭንና ረጅም ከሆነ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ፓምፑ ይደክማል፤ ሰው ፓምፑን ይወቅሳል። መለካት ያለበት ፓምፑ እየሠራ ሳለ፣ እዚያው ፓምፑ ላይ ነው።

ከፓምፑ ቀጥሎ ግፊት የምትይዝ ትንሽ ጋን አስገብቻለሁ። ውስጧ ጎማ አለ፤ በአንድ ወገን አየር፣ በሌላው ውሃ። እጅ ለመታጠብ ቧንቧውን ገርበብ ስናደርግ መጀመሪያ የሚመጣው የእሷ ውሃ ነው። ፓምፑ በየሰከንዱ እየተነሳ መውደቁን ተወ።

ስለ ክብደት ሳልናገር ባልፍ ጥሩ አይሆንም። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። 150 ሊትር ታንከር ሲሞላ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጥግ ላይ ቆመው እንደሚጓዙ ቁጠሩት። ሁለቱ ሰዎች ደግሞ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደፊት ይሮጣሉ። የታንከሩ መደገፊያ ብረት ዝጎ ከሆነ ቧንቧ መቀየሩ ትርጉም የለውም። የእኔው ሁለት ብሎኖቹ በዝገት ቀጥነው ስላገኘኋቸው ቀይሬያለሁ። የታንከሩ መተንፈሻ ቱቦም መፈተሽ አለበት። ውሃ ሲገባ አየር መውጣት፣ ውሃ ሲወጣ አየር መግባት አለበት። መተንፈሻው ከተደፈነ ታንከሩ ሲሞላ ይነፋል፣ ፓምፑ ሲስብ ደግሞ ይጨማደዳል።

ቦይለሩን የከፈትኩት ለማጠብ ብቻ ብዬ ነው። ውስጡ ብረት የሆነ ቦይለር የማግኒዚየም ዘንግ ይገባበታል። ዝገት ብረቱን ከመብላቱ በፊት ዘንጉን እንዲበላ የተቀመጠ ነው። ስፈታው ዘንጉ የለም። መሀሉ ላይ የነበረው ቀጭን ሽቦ ብቻ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ነጭና ቡናማ ዝቃጭ በቧንቧው ጉድጓድ ልክ ዝርግፍ ብሎ ወጣ። ሦስት አራተኛው ሲያልቅ ነበር መቀየር የነበረበት። የአሉሚኒየም ቦይለር ይህ ዘንግ አይገባበትም፤ ስለዚህ የራሳችሁን ምንነት ሳታውቁ አትግዙ። ሁለት ነገር ደግሞ አደራ። የግፊት ማስተንፈሻውን ቫልቭ፣ ትንሽ አንጠባጠበ ብላችሁ እንዳትደፍኑት። ውሃው ወደ 99 ዲግሪ ወይም ግፊቱ ወደ 10 ባር ሲደርስ እንዲከፍት የተሠራ የነፍስ ጠባቂ ነው። ሁለተኛው፣ ቦይለሩ ባዶ ሳለ ኤሌክትሪኩ አይብራ። ማሞቂያው በአፍታ ይቃጠላል።

እስካሁን ያወራሁት ንጹሁ ወገን ነው። ቆሻሻው ወገን ሰው ማውራት ስለማይወድ ነው መሰለኝ የባሰ ተጎሳቁሎ የሚገኘው። በንጹሁ ወገን ውሃውን የሚነዳው ግፊት ነው፤ በፍሳሹ ወገን ግን ተዳፋት ብቻ ነው ያለው። በ1 ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። መኪናው ራሱ ያልተስተካከለ ቦታ ላይ ሲቆም ያ ተዳፋት ይጠፋል። ስለዚህ በጠባቡ ቦታ የተቻለኝን ያህል ቀጥ አድርጌ፣ ኤልቦ ቀንሼ ሠራሁት።

ከተዳፋቱ ቀጥሎ አየር ነው። ጀሪካን ሲደፋ ጉልጉል የሚለው አየር መግቢያ ስለሚያጣ ነው፤ ሲንኩም እንዲሁ ነው። በጣሪያው የሚወጣ መተንፈሻ አለ፤ አንዳንድ ሲንክ ሥር ደግሞ አየር የሚያስገባ፣ ሽታ ግን የማያስወጣ ቫልቭ ይገጠማል። ይህ ቫልቭ ያረጃል። ሰው ታንከሩ ሸተተ ብሎ ኬሚካል ሲያፈስበት ይከርማል፤ ጥፋቱ የሲንኩ ሥር ፕላስቲክ ሆኖ ይገኛል። ሲፎኑም የራሱ ጣጣ አለው። በቤት ውስጥ ሲፎን የሚዘጋው ታጥፎ የሚቀረው ውሃ ነው። መኪና ግን ይሄዳል፣ ይዘላል፣ ውሃው ተዝረክርኮ ያልቃል፤ ሽታው ይገባል። ሻወሩ ሥር ለጥልቅ ሲፎን ቦታም የለም። እዚያ ውሃ የማይፈልገውን ዓይነት አስገባሁ። ውስጡ ስስ የሲሊኮን ከንፈር አለ። ውሃ ሲመጣ ይከፈታል፣ ውሃ ሲያልፍ ይገጥማል። ከሠራሁት ሁሉ ያለ ማቅማማት ደግሜ የምገዛው ይህን ነው።

ጥቁሩን ታንከር በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ፍሳሽ መቀበያ ላይ ተገናኝቶ የሚውል ሰው የጥቁሩን መዝጊያ ከፍቶ መተው ያምረዋል። እንዳታደርጉት። ፈሳሹ ብቻ እየሄደ ደረቁ ይቀራል፣ ይከመራል፣ ይደርቃል። ተዘግቶ ይቆይ፤ ሲሞላ በአንድ ጊዜ ይለቀቅ፤ ግራጫው ከኋላ ተከትሎ ጎማውን ይጠበው። ግድግዳው ላይ ያለው የታንከር መጠን ጠቋሚ መብራት ደግሞ አይታመንም። ወረቀት ታንከሩ ውስጥ ያሉት ሴንሰሮች ላይ ሲለጠፍ ባዶውን ሙሉ ነው ይላል።

ሁሉም ሲገጠም ሳንቃዎቹን አልመለስኩም። መጀመሪያ ፓምፑን አበራሁ፣ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ከፍቼ አየሩን አስወጣሁ፣ ዘጋሁ። ፓምፑ ቆረጠ። በየመጋጠሚያው ሥር ደረቅ ወረቀት አንጥፌ ተኛሁ። ወረቀት ላብ አይደብቅም፤ ጣት የማይሰማውን እርጥበት ያሳያል። ሙቁም እንዲሁ ተፈተነ፤ ቀዝቃዛ ሆኖ የያዘ መጋጠሚያ ሲሞቅ ሊለቅ ይችላልና። ከዚያ መኪናውን ኮረኮንች ላይ ነዳሁት፤ ተመልሼ ወረቀቶቹን አየሁ። ሳንቃው የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም በምስማር ሳይሆን በብሎን።

አዲስ መስመር ንጹሕ መስመር ማለት ስላልሆነ በበረኪና ታጠበ። ሽታ ያልተጨመረበት ተራ በረኪና፣ ለ60 ሊትር ውሃ 60 ሚሊ ሊትር ያህል። በየቧንቧው ሽታው እስኪወጣ ከፍቶ፣ ሌሊቱን አሳድሮ፣ ማፍሰስና ሽታው እስኪጠፋ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ። የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ካለ በዚህ ጊዜ መውጣት አለበት። ቦይለሩ ውስጥ የማግኒዚየም ዘንግ ካለ በረኪናው እዚያ እንዳይገባ ቦይለሩን ዘሎ በሚሄደው የማለፊያ መስመር ማሳለፍ ይሻላል።

የቀረው ክረምት ነው። በረዶ ለሚይዝበት አገር ማለቴ ነው። ውሃ ሲቀዘቅዝ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። ፔክሱ ራሱ ብዙ ጊዜ ተለጥጦ ያልፈዋል፤ የሚሞቱት መጋጠሚያዎቹ፣ የፓምፑ ራስና የሽንት ቤቱ ቫልቭ ናቸው። ለዚህ ነው የማፍሰሻ ቧንቧዎቹን በመስመሩ ዝቅተኛ ቦታ ላይ፣ አንዱን ለሙቅ አንዱን ለቀዝቃዛ፣ ከበሩ አጠገብ ያወጣኋቸው። የድሮዎቹ ከመኪናው ሆድ ሥር ነበሩ፤ ጭቃ ላይ ሳይተኙ የሚከፈቱ አልነበሩም። ስለማይመቹም ማንም በጊዜ አይከፍታቸውም። አሁን ቆሞ መክፈት ይቻላል። ካፈሰሱ በኋላ ፓምፑ ውስጥ የሚቀር ውሃ አለ፤ ለእሱ በረዶ እንዳይዝ የሚያደርገው ሮዝ ፈሳሽ፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ በፓምፑ መግቢያ ይሳባል፣ እያንዳንዱ ቧንቧ ሮዝ እስኪያወጣ ይከፈታል፣ ሲፎኖቹም ውስጥ ትንሽ ይጨመራል። ለሞተር የሚሸጠው ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፤ እዚህ መስመር ውስጥ እንዳይገባ። ቦይለሩን ቀድሞ አፍስሶ በማለፊያው ማግለል ግድ ነው፤ አለዚያ የቦይለሩ ጋን ብቻውን ብዙ ሊትር ይጠጣል። የውጭ ሻወር ካላችሁ እሱን አትርሱ፤ ከኋላ በኩል ትንሽ በር ውስጥ ስለሚደበቅ በየዓመቱ ከሁሉ ቀድሞ የሚፈነዳው እሱ ነው።